ማሽን ይጠይቅ፣ ሰው ይወስን፦ ስለ ጊት አጋዥ ሞጁል የተደረገ ምልልስ

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ በሥራ ቦታ በየቀኑ የምደጋግማቸው የጊት ትእዛዞች አሉ። ስታተስ አያለሁ፣ ብራንች እከፍታለሁ፣ ኮሚት አደርጋለሁ፣ ፑል አደርጋለሁ፣ ከዚያ ፑሽ። እነዚህን በአንዲት ትንሽ የፓይተን ሞጁል ሰብስቤ በአንድ ጥሪ እንዲፈጸሙ ላደርግ አስቤያለሁ። ትእዛዞቹን በተራ የሚያስኬድ ፈንክሽን ከጻፍኩ በኋላ የሚቀረኝ ነገር አለ?

አንጋፋው፦ ዋናው ነገር ይቀርሻል። ዓላማሽ የጣት ድካም መቀነስ ብቻ ከሆነ ሞጁል አያስፈልግሽም፤ ጊት ራሱ «አሊያስ» የሚባል የአጭር ስም መስጫ አለው፣ እሱ ይበቃሻል። ነገር ግን ትእዛዞቹን በእጅሽ ስትጽፊ ምን እንደምትሠሪ ልብ በይ። ስታተስ ብለሽ መልሱን ታነቢያለሽ። የተሳሳተ ብራንች ላይ ከሆንሽ ትቆሚያለሽ። የማታውቂው ፋይል ከተዘረዘረ «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» ትያለሽ። ፑል ስታደርጊ ኮንፍሊክት ከተነሣ ፑሽ ለማድረግ አትጣደፊም። በየትእዛዙ መካከል እያነበብሽ ትፈርጃለሽ፤ ልማድ ስለሆነ አይታወቅሽም እንጂ። ስክሪፕት ግን ዓይን የለውም። ትእዛዞቹን ደርድረሽ ስትሰጪው ከጽሕፈቱ ጋር ንባቡም ይቀራል። ስለዚህ አጋዥ ሞጁል የሚመዘነው ስንት ትእዛዝ በአንዴ ባስኬደ ሳይሆን፣ መቆም ባለበት ቦታ በመቆሙ ነው። ያንን ካላሟላ ነገሩ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሆናል።

ወጣቷ፦ ይህ የእርስዎ ምርጫ ነው ወይስ ማስረጃ አለው?

አንጋፋው፦ የጊት የራሱ ታሪክ ይመሰክራል። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ይሠሩበት የነበረውን ቢትኪፐር የተባለ የሥሪት መቆጣጠሪያ በነጻ መገልገል ሲቀርባቸው፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2005 ጊትን መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው ጊት እንደ ዛሬው አንድ ወጥ ፕሮግራም አልነበረም። እያንዳንዳቸው አንዲት ሥራ ብቻ የሚሠሩ፣ በሲ የተጻፉ ትናንሽ ፕሮግራሞች ነበሩት፤ አንዱ የፋይል ይዘት ያስቀምጣል፣ ሌላው የፎልደሩን ቅርጽ ይመዘግባል፣ ሌላው ኮሚት ይጽፋል። ተጠቃሚው በየቀኑ ይጠራቸው የነበሩት አብዛኞቹ ትእዛዞች ግን እነዚያን ትናንሽ ፕሮግራሞች የሚያቀጣጥሉ የሼል ስክሪፕቶች ነበሩ። አንቺ ዛሬ ልትጽፊ ያሰብሽውን ነገር የጊት ሠሪዎች በዚያን ጊዜ ለራሳቸው ጽፈውታል ማለት ነው። ስክሪፕቶቹ የሚጋሩት አንድ አጋዥ ፋይል ነበራቸው፣ «ጊት ኤስኤች ሴታፕ» ይባላል። ውስጡን ብታዪ ለትእዛዞች አጭር ስም የሚሰጥ ነገር አታገኚም። ምክንያቱን ተናግሮ ሥራ የሚያቆም ፈንክሽን አለ። የሥራ ፎልደር መኖሩን የሚያረጋግጥ አለ። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ካለ «ይህን ማድረግ አይቻልም፣ ምክንያቱ ይህ ነው» ብሎ የሚከለክል አለ። ወደ ፎልደሩ አናት የሚወስድም አለ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ስክሪፕቶች በሲ እንደገና ተጻፉ፤ ፑል በ2015፣ ሪቤዝ በ2018 ተዛወሩ። ክልከላዎቹ ግን አብረው ተሻገሩ። ዛሬም ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ይዘሽ ሪቤዝ ብትዪ እንዲያው አይቀበልሽም። መሣሪያውን የሠሩት ሰዎች አጋዥ ሲያስፈልጋቸው በመጀመሪያ የጻፉት ማቆሚያውን ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ማጣራቱ ቀላል ይመስለኛል። ስታተስ አስኬድና በመልሱ ውስጥ «ኮሚት የሚደረግ ነገር የለም» የሚለውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር እፈልጋለሁ። ካገኘሁት ንጹሕ ነው፣ ካላገኘሁት እቆማለሁ።

አንጋፋው፦ እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የጊት መልስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ለሰው ዓይን የተጻፈ አለ፣ ለፕሮግራም የተጻፈ አለ። ለሰው የተጻፈው እንዲያምርና እንዲገባ ይሻሻላል፤ እንደማይለወጥ ማንም ቃል አልገባልሽም። አንቺ ልትፈልጊው ያሰብሽው ዐረፍተ ነገር ራሱ ተለውጧል፤ ቀድሞ «ዎርኪንግ ዳይሬክተሪ» ይል የነበረው በኋላ «ዎርኪንግ ትሪ» ሆኗል። ከዚህም ሌላ ጊት መልእክቶቹን በተጠቃሚው ቋንቋ ሊያሳይ ይችላል፤ ኮምፒውተሯ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ባልደረባሽ ዘንድ ፍለጋሽ ባዶውን ይመለሳል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ለፕሮግራም የተዘጋጀው መልስ የሚገኘው ስታተስን «ፖርስሊን» ከሚባለው አማራጭ ጋር ስትጠሪው ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል ሁኔታውን የሚናገሩ ሁለት ምልክቶችና የፋይሉን መንገድ ይሰጣል። ምንም ለውጥ ከሌለ ምንም አይጽፍም። ይህ ቅርጽ ከሥሪት ወደ ሥሪትም ሆነ በተጠቃሚው ምርጫ እንደማይለወጥ በጊት መመሪያ ውስጥ ተጽፏል። ስለዚህ «መልሱ ባዶ ነው?» የሚለው ጥያቄ ዐረፍተ ነገር ከማሳደድ ይሻልሻል።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ጊት ከእንግሊዝኛ ፊደላት ውጭ የሆነ የፋይል ስም ሲያገኝ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር እያንዳንዱን ባይት በኋሊት ስላሽና በሦስት አሃዝ ቁጥር ተክቶ ያሳያል። የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰ» የተባለችው ፊደል 341፣ 210፣ 260 ተብላ ትጻፋለች፤ ከስላሾቹ ጋር 12 ምልክት መሆኗ ነው። «ሰነድ» የሚል የሦስት ፊደል ስም 36 ምልክት ሆኖ በትእምርተ ጥቅስ ታጥሮ ይመጣል። ሞጁልሽ ያንን እንደ ፋይል ስም ወስዶ ሊከፍተው ቢሞክር የለም ይባላል። መፍትሔው «ዜድ» የተባለውን አማራጭ መጨመር ነው። ያን ጊዜ ጊት ስሞቹን እንዳሉ ይሰጥሻል፤ በመካከላቸውም አዲስ መስመር ሳይሆን ዜሮ ባይት ያስገባል። የፋይል ስም ዜሮ ባይት ሊይዝ ስለማይችል መለያየቱ አይሳሳትም። ፋይሎቹን ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚሰይም ሰው ይህን ስሕተት ዓመት ሙሉ ላያየው ይችላል፤ በአማርኛ የሚሰይም ቢሮ ግን በመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል።

ወጣቷ፦ ከፓይተን ጊትን ስጠራውስ? ትእዛዙን እንደ አንድ ጽሑፍ ገጣጥሜ ለሼል ብሰጠው ምን ችግር አለው?

አንጋፋው፦ ችግሩ ሼል የሚያነበውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ለመተርጎም መሞከሩ ነው። የጊት ብራንች ስም ክፍት ቦታ አይቀበልም፤ ሴሚኮለንና የዶላር ምልክት ግን ይቀበላል። ለሼል ደግሞ ሴሚኮለን ማለት «አንዱ ትእዛዝ አለቀ፣ ሌላው ጀመረ» ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው የሰየመውን ብራንች በጽሑፍ ውስጥ ገጥመሽ ለሼል ስትሰጪ፣ ያ ሰው በኮምፒውተርሽ ላይ የፈለገውን እንዲያስኬድ በር ከፍተሻል። የፓይተኑን «ሰብፕሮሰስ» ስትጠሪ ትእዛዙን ቃል በቃል በተለያየ ዝርዝር አድርገሽ ስጪው፤ ሼል በመካከል አይገባም፣ የተሰጠው ስም ስም ብቻ ሆኖ ይደርሳል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይቀራል። በሰረዝ የሚጀምር ስም ጊት ራሱ አማራጭ ነው ብሎ ሊወስደው ይችላል፤ ስለዚህ ከፋይል ስሞች በፊት ሁለት ሰረዝ አስቀምጪ። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም። በኦገስት 2017 የወጣው የጊት ሥሪት 2.14.1 ያረመው አንዱ ነገር፣ በሰረዝ የሚጀምር የሰርቨር ስም ኤስኤስኤችን አታሎ ትእዛዝ እንዲያስኬድ የሚያደርገውን ቀዳዳ ነው። እንደ ጊት ያሉት መርኩሪያልና ሰብቨርዥንም በዚያው ወቅት ለተመሳሳይ ቀዳዳ እርማት አውጥተዋል። የዓመታት ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ያመለጣቸው ነገር አንቺንና እኔን አያመልጠንም ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ የመውጫ ቁጥሩ አለ። ማንኛውም ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ አንድ ቁጥር ይተዋል፤ ዜሮ ከሆነ ተሳክቷል ይባላል። ፓይተን ይህን ቁጥር እንዲመረምር በግልጽ ካላዘዝሽው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ፑል ወድቆ ሳለ ፑሽ ይቀጥላል። ነገር ግን ከዜሮ ውጭ ያለውን ሁሉ ውድቀት ማለትም ትክክል አይደለም። «ጊት ዲፍ»ን በዝምታ አማራጩ ብትጠይቂው ልዩነት ከሌለ 0፣ ልዩነት ካለ 1 ይመልሳል። አንድ ኮሚት የሌላው ቀዳሚ መሆኑን ስትጠይቂም 0 አዎ ነው፣ 1 አይደለም ነው፣ ሌላ ቁጥር ከመጣ ጥያቄው ራሱ አልተመለሰም። መልሱ ሦስት ነው፤ አዎ፣ አይደለም፣ ማወቅ አልተቻለም። ብዙ ስክሪፕቶች የሚያጠፉት ሦስተኛውን ከሁለቱ መልሶች ከአንዱ ጋር አንድ ስላደረጉ ነው። «ካለፈው ሥሪት ወዲህ ለውጥ አለ?» ብሎ የጠየቀ ስክሪፕት፣ ያለፈው ሥሪት ምልክት ስለጠፋ ጊት ስሕተት ቢመልስለትና እሱ ያንን «አዎ፣ ለውጥ አለ» ብሎ ቢተረጉመው፣ ያልተዘጋጀ ሥራ አውጥቶ ለተጠቃሚ ያድላል። ስለዚህ ሞጁልሽ ሁለት የተለያዩ ፈንክሽኖች ይኑሩት። አንዱ ሥራ ያስኬዳል፣ ካልተሳካ ይጮሃል። ሌላው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው መልስ ሲመጣ ብቻ ይጮሃል።

ወጣቷ፦ ይህን ሁሉ እኔ ከምጽፍ ዝግጁ ላይብረሪ ብወስድ አይሻልም? ጊትፓይተን አለ፣ ፓይጊት2 አለ፣ ደልዊችም አለ።

አንጋፋው፦ ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ መልሱም እንደ ሥራው ይለያያል። ጊትፓይተን በአብዛኛው የተጫነውን ጊት ይጠራል። ፓይጊት2 ሊብጊት2 በሚባል የሲ ላይብረሪ ላይ የተሠራ ነው። ደልዊች ደግሞ የጊትን አሠራር በፓይተን እንደገና የጻፈ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ኮሚቶችን አንብበሽ የምትተነትኚ ከሆነ፣ ወይም ጊት ባልተጫነበት ማሽን ላይ የምትሠሪ ከሆነ፣ ከእነሱ አንዱን ውሰጂ። የዕለት ተዕለት አምስት ትእዛዞችን ለማስኬድ ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በአንድ ጊዜ አንብቦ የሚጨርሰው ትንሽ ሞጁል ጥቅም አለው። በተርሚናል የምታውቂው ጊት ያው ራሱ ነው የሚሠራው፤ ሴቲንግሽን፣ የይለፍ ቃል አያያዝሽን፣ ሁኮችሽን ሁሉ ያከብራል። ሊብጊት2 ለምሳሌ ሁኮችን አያስኬድም፤ ኮሚት ከማድረግ በፊት እንዲፈተሽ ያዘዝሽው ነገር ሳይፈተሽ ሊያልፍ ይችላል። ላይብረሪ መውሰድም በራሱ ደኅንነት አይሆንም። በ2022 ይፋ በሆነ አንድ ጉድለት፣ ጊትፓይተን ተንኮል ያለበት አድራሻ ክሎን እንዲያደርግ ሲሰጠው ትእዛዝ ሊያስኬድ እንደሚችል ታውቋል፤ በኋላም ታርሟል። ከውጭ የመጣን ቃል ሳይመረምሩ ማሳለፍ በማንም እጅ ቢሆን አደጋው ያው ነው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ማቆሚያዎቹን ልጻፍ። ግን መጨረሻ ላይ የምፈልገው አንድ ጥሪ ነው፤ ያለውን ለውጥ ሁሉ ይጨምር፣ የዕለቱን ቀን መልእክት አድርጎ ኮሚት ያድርግ፣ ፑሽ ያድርግ፣ ሰርቨሩ ካልተቀበለም በፎርስ ይግፋ።

አንጋፋው፦ እስካሁን የተናገርነው ማሽኑ እንዴት ይጠይቅ የሚለውን ነው። አሁን ያነሣሽው ማን ይወስን የሚለውን ነው። አንድ በአንድ እንየው። ያለውን ሁሉ መጨመር ማለት በፎልደሩ ውስጥ የወደቀውን ሁሉ መጨመር ነው፤ የዳታቤዝ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይልም አብሮ ይገባል። በማግስቱ ብታጠፊው ከዛሬው ገጽታ ይጠፋል እንጂ ከታሪኩ አይጠፋም፤ ፑሽ ከተደረገ በኋላ የሚያዋጣው የይለፍ ቃሉን መቀየር ነው። መልእክቱን ቀን ማድረግም ትርፍ የለውም፤ ጊት ቀኑን በእያንዳንዱ ኮሚት ላይ ራሱ ይጽፋል። የማይጽፈው ለውጡ ለምን እንደተደረገ ነው፤ እሱን የሚያውቀው ደግሞ ለውጡን ያደረገው ሰው ብቻ ነው።

አውቶሜሽን ራሱ በዚህ ላይ ምስክር ነው። «ጊት ባይሴክት» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ስሕተት የገባበትን ኮሚት ታሪኩን በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ይፈልጋል። መፈተሻ ስክሪፕት ከሰጠሽው ያለአንቺ ይሠራል፤ ስክሪፕቱ 0 ከመለሰ ደህና፣ 125 ከመለሰ ይዘለል፣ ከ1 እስከ 127 ሌላ ቁጥር ከመለሰ ብልሹ ይለዋል። አንድ ሺህ ኮሚት ውስጥ ፍለጋው በ10 ገደማ ፈተና ያልቃል። ሰው ደህናና ብልሹ የሚለየውን መስፈርት ሰጠ፣ ማሽኑ ደከመ፤ ድንቅ የሥራ ክፍፍል ነው። ነገር ግን ያ ፍለጋ የሚያገኘው ኮሚት የአንድ ቀን ሥራ ተጠራቅሞ የተጣለበት ከሆነ፣ ባይሴክት «ስሕተቱ ማክሰኞ ገባ» ከማለት የዘለለ አይነግርሽም። ፍርድን ለማሽን የሰጠ አውቶሜሽን ነገ የሚጠቅምሽን የተሻለውን አውቶሜሽን ያበላሻል።

ወደ ፎርስ እንምጣ። ፎርስ የሌላውን ሰው ሥራ ከብራንቹ ላይ ሊያስወጣ ይችላል። በ2013 የወጣው ሥሪት 1.8.5 «ፎርስ ዊዝ ሊዝ» የሚባል የተሻለ አማራጭ አመጣ፤ በሰርቨሩ ላይ ያለው ብራንች አንቺ መጨረሻ ካየሽበት ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ይገፋል። «እንግዲያው ሞጁሌ እሱን ይጠቀማል» ትይኝ ይሆናል። ጊት ግን «አየሽ» የሚለው ፌች ካደረግሽ ነው። ሞጁልሽ ለደግ አስቦ ከፑሽ በፊት ፌች ቢያደርግ፣ የባልደረባሽ አዲስ ኮሚት ወደ ማሽንሽ ይወርዳል፣ ጊት አንቺ እንዳየሽው ይቆጥራል፣ መከላከያውም ይከፈታል። አንቺ ግን አላየሽም። የጊት መመሪያም ስለዚህ ነገር ያስጠነቅቃል። ከመጀመሪያው ያልኩሽ ይሄው ነው፤ ማሽኑ አምጥቷል፣ ማንም አላነበበም። ስለዚህ ሞጁልሽ የምትጠብቂውን ኮሚት መለያ በግልጽ ጠይቆሽ ይግፋ፤ አለዚያ ፎርስን ጨርሶ አይንካ። ለፑልም «ኤፍኤፍ ኦንሊ»ን ይጠቀም፤ ታሪኩ በቀጥታ መቀጠል ካልቻለ መርጅ ሳይፈጥር ይቆምና ውሳኔውን ለአንቺ ይተዋል።

ወጣቷ፦ ይህን ያህል የሚከለክል ሞጁል ማን ይጠቀመዋል? ባልደረቦቼ ሁለት ቀን ሞክረውት ወደ ተርሚናላቸው ይመለሳሉ።

አንጋፋው፦ ምክንያቱን የማይናገር ክልከላ ከሆነ ልክ ነሽ፣ ይተዉታል። «አልተሳካም» ብሎ ዝም የሚል ሞጁል ከሌለ አይሻልም። ክልከላው ምን እንዳልተቻለ፣ ለምን እንዳልተቻለና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ይናገር፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ይገባሉ። የጊት የራሱ ስሕተት ጽሑፍም እንዳለ ይታይ፣ አትዋጪው። ሁለተኛው ነገር፣ ሞጁልሽን ዘብ አታድርጊው። በማሽንሽ ላይ ያለ ማጣሪያ ሁሉ ሊታለፍ ይችላል፤ ሁኮች ከክሎን ጋር አይተላለፉም፣ ኮሚት የሚፈትሸውን ሁክ በአንድ አማራጭ መዝለልም ይቻላል። ማንም እንዳይጥሰው የሚፈለግ ሕግ በሰርቨሩ ላይ ይቀመጥ፤ ዋናውን ብራንች መቆለፍ እዚያ ነው የሚሠራው። ሞጁሉ የሚጠብቀው የሚጠቀምበትን ሰው ከራሱ ችኮላ ብቻ ነው። እንዲህ ከታሰበ ክልከላዎቹ ይቀንሳሉ፤ ሊመለስ የማይችል ጉዳት ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ይቀራሉ። ኮሚት የተደረገ ሥራ ቢጠፋሽ በሪፍሎግ ውስጥ ይገኛል፤ ጊት ሌላ ካልታዘዘ በቀር ያንን መዝገብ 90 ቀን፣ ከብራንቹ የተቆረጠውን ደግሞ 30 ቀን ያቆየዋል። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ ሲጻፍበት ግን አብዛኛውን ጊዜ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጠንካራው ማቆሚያሽ እዚያ ይሁን።

ወጣቷ፦ ጀማሪዎችስ? ሞጁሉን ብቻ ለምደው ጊትን ሳያውቁ እንዳይቀሩ እፈራለሁ።

አንጋፋው፦ ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ ስጋትሽ እውነት ነው። ግን ፈውሱ ቀላል ነው። ሞጁሉ የሚያስኬደውን እያንዳንዱን የጊት ትእዛዝ ከማስኬዱ በፊት ይጻፈው። ጀማሪው በቀን አሥር ጊዜ እያየ ይማራል፤ ሞጁሉ የቆመ ቀንም ትእዛዙን ገልብጦ በእጁ ይሞክረዋል። የሚደብቅ አጋዥ ጥገኛ ያደርጋል፣ የሚያሳይ አጋዥ ግን ያስተምራል።

ወጣቷ፦ እንግዲህ ከየት ልጀምር? ሌላ ፈንክሽን መጨመር ያለብኝስ መቼ ነው?

አንጋፋው፦ ከሦስት ፈንክሽን ጀምሪ፤ የሚያስኬድ፣ የሚጠይቅ፣ ንጹሕ መሆኑን የሚያረጋግጥ። ጊት የይለፍ ቃል እየጠበቀ እንዳይንጠለጠል የተርሚናል ጥያቄውን ዝጊ፤ የሚሠራበትን ፎልደርም በግልጽ ንገሪው። ከዚያ በጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ባዶ ሪፖ እየፈጠርሽ ፈትኚው፤ ሪፖ መፍጠር ከሰከንድ አይበልጥም። የአማርኛ ስም ያለው ፋይል፣ በስሙ መካከል ክፍት ቦታ ያለው ፋይል፣ አንድም ኮሚት የሌለው ሪፖ፣ ከብራንች ውጭ የተቀመጠ ሄድ፣ መርጅ ላይ ተቋርጦ የቆመ ሥራ፤ እነዚህን ሁሉ አሳዪው። በየአንዳንዱ ላይ ወይ በትክክል ይሥራ፣ ወይ ምክንያቱን ተናግሮ ይቁም። አራተኛ ፈንክሽን ለመጨመር ስታስቢ ደግሞ ከኮዱ በፊት አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፊ፤ «ይህ ፈንክሽን ይህ ከሆነ ይቆማል» የሚል። ዐረፍተ ነገሩን መጨረስ ከቻልሽ ፈንክሽኑን ጻፊው። ካልቻልሽ ያ ሥራ ገና የሰው ፍርድ ይፈልጋልና በእጅሽ ሥሪው።